የተደመረው ትርፍ

ሐሙስ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

አማቴ ዛሬ ከሰዓት ቤት መጡ። አምና በሬያቸውን ሸጠው አክሲዮን የገዙት በእኔ ምክር ነው። የሒሳብ መምህር ነኝና አመኑኝ። እኔ ደግሞ ያየሁት አክሲዮኑን የሸጠውን እናት ኩባንያና በሥሩ ያሉትን ድርጅቶች አንድ ላይ የተደመረ ትርፍ ብቻ ነበር። እናት ኩባንያው ለብቻው ምን እንዳገኘ የሚያሳየውን ገጽ አልገለጥኩትም። ለባለአክሲዮን የሚከፈለው ከዚያ ነው፤ እናት ኩባንያው ደግሞ ለብቻው ከስሯል። ያተረፈው በሥሩ ያለው የዱቄት ፋብሪካ ነው፤ ያንን ትርፍ ግን እዚያው ለማስፋፊያ አውሎታል።

«ልጄ፣ ዘንድሮስ አተረፈ?» አሉኝ።

«በድምሩ አትርፏል» አልኩ። ውሸት አለመሆኑ ነው የሚያናድደኝ። «ክፍያው ግን ይቆያል።»

ፊታቸው በራ። «ካተረፈማ ይቆይ፣ የት ይሄዳል! ጊደሯንም ሸጬ ልጨምርበት እንጂ።»

አክሲዮኑን ልሽጥላቸው ብል ገዢ የለም፤ ያልጠየቅሁት ሰው የለም። እውነቱን ብነግራቸው ከእንግዲህ በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ? ዝም ብል ደግሞ ነገ ዓርብ ነው፣ ገበያ ነው።

ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ዞር አሉ። «ጠዋት አብረኸኝ ውረድ፤ ነጋዴ እንዳያታልለኝ አጠገቤ ቁምልኝ።»

እሺ አልኳቸው።