አንድ ሚሊዮን አንድ

ማክሰኞ፣ ጥር 6

የሻንቶ ከተማን አቧራ ዛሬም አልቻልነውም። ዘጠነኛ ሐ ገብቼ ለሶዶው የሒሳብ ጥያቄና መልስ ውድድር አንድ ተማሪ መረጥኩ። መለያ ጥያቄውን ከድሮ የውድድር ወረቀት ነው የቀዳሁት፦ 1,000,001 ፕራይም ነው? ከአንድና ከራሱ በቀር በምንም አይካፈልም ወይ? መልሱ ወረቀቱ ላይ የለም። ትናንት ራሴ ሞከርኩት። ክፍሉ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ሰንጠረዥ ላይ ያሉትን ፕራይሞች በሙሉ፣ ከ2 እስከ 97... በአንዱም አልተካፈለም። በቃ፣ ፕራይም ነው።

ከተማሪዎቹ ኤርካሎም "ነው" አለ። ከፊት ወንበር ፈጠነች የምትባለው ልጅ እጇን አወጣች።

"አይደለም ቲቸር ይልቃል። ይካፈላል።"

"በስንት?"

"በመቶ አንድ።"

"መቶ አንድ ሰንጠረዡ ላይ አለ እንዴ?"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ላሳይ ብላ ወደ ሰሌዳው ስትመጣ "ተቀመጪ" አልኳት። ለውድድሩ ኤርካሎ አለፈ።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ፈጠነች ከፊት ወንበር ተነስታ ኋላ ተቀምጣለች። አኩርፋ ነው። ይበርድላታል።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ሶዶ። ያው ቁጥር መጣ! ኤርካሎ ወደ እኔ አይቶ ፈገግ አለና "ፕራይም ነው" አለ። ዳኛዋ "ተሳስተሃል። 101 ሲባዛ በ9,901" አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ...

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ኤርካሎ ቀስ ብሎ፣ "ቲቸር፣ ፈጠነች ይካፈላል ብላ ነበር እኮ።" 97 ላይ ለምን ቆምኩ? ሰንጠረዡ ስላለቀ! ለእንዲህ ያለ ቁጥር እስከ ስኩዌር ሩቱ፣ እስከ አንድ ሺህ፣ መሞከር እንዳለበት የማስተምረው እኔው ነኝ። ከ97 ቀጥሎ ያለው ፕራይም ደግሞ 101 ነው። አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። አፈርኩ።

ሰኞ፣ ጥር 26

ክፍሉ ፊት ቆሜ "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ፈጠነች ልክ ነበረች" አልኩ። ማንም አልሳቀም። ሰሌዳው ላይ እንድታሳየን ለመንኳት። 101 በ10,000 ሲባዛ 1,010,000። ከዚያ ላይ 99 ጊዜ 101 መቀነስ፣ ማለትም 9,999። 1,000,001 ቀረ። በቃ! ያን ዕለት የሚያስፈልጋት አንድ ደቂቃ ነበር... አንድ ደቂቃ ነፈግኳት።

"ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ፈጠነች።"

"ችግር የለም ቲቸር። ውድድሩ አልፏል።"

ጠመኔውን ሰጥታኝ ወደ ኋላ ወንበሯ ተመለሰች።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ሰንጠረዡን ከግድግዳው አነሳሁት። ዛሬ 10,001 በምን ይካፈላል ብዬ ጠየቅኩ። ኤርካሎ እንኳ ዞሮ የሚያየው ፈጠነችን ነው። በወንበሮቹ መሀል ሳልፍ ደብተሯን አየሁት፦ 73 × 137። ጨርሳዋለች። ስታየኝ በመዳፏ ሸፈነችው።

ልጥራት? "ተቀመጪ" ያልኩ ሰው ዛሬ በምን አፌ "ተነሺ" እላለሁ? እጇን እስክታወጣ ቆሜ ጠበቅኩ። ደወሉ ተደወለ።