የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪው የአቶ ቢሆነኝ ክንዱ የሕይወት ታሪክ

አቶ ቢሆነኝ ክንዱ በ1984 ዓ.ም. ለጋብቻ ሽማግሌ ወደ ፈረስ ቤት በላኩ ጊዜ፣ የልጅቷ አባት አቶ ሀይሉ ሥራቸውን ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ “ጉድጓድ ቆፋሪ ነው” ሲሉ አቶ ሀይሉ ከመቀመጫቸው ተነሥተው “ልጄን ለመቃብር ቆፋሪ አልድርም!” አሉ። የውኃ ጉድጓድ መሆኑን ለማስረዳት ሽማግሌዎቹ እንደገና መመለስ ግድ ሆነባቸው።

አቶ ቢሆነኝ ከአባታቸው ከአቶ ክንዱ ዳኘውና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዓባይነሽ ታደለ በ1955 ዓ.ም. ጅጋ አካባቢ ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው በ1970 ዓ.ም. ከአጎታቸው ጋር ቁፋሮ ጀመሩ። በ1985 ዓ.ም. ከወ/ሮ አቻምየለሽ ሀይሉ ጋር ተጋብተው በቡሬ አቅራቢያ በምትገኘው መንደራችን ኖሩ። መንደሩ እስከ ዛሬ የሚጠጣውን የዐሥራ አራት ሜትር ጉድጓድ በ1987 ዓ.ም. ቆፍረዋል።

በ1997 ዓ.ም. ከዚሁ ጉድጓድ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ አርባ እርምጃ ርቆ የሕዝብ ሽንት ቤት ሊሠራ ተቆፈረ። አቶ ቢሆነኝ ተቃወሙ። የጉድጓድ ውኃ እዚያው እንደማይፈጠር፣ ዝናብ በአፈር ሰርጎ የተሰነጠቀውን ድንጋይ ሞልቶ ቀስ እያለ ቁልቁል እንደሚሄድ፣ ላይ የፈሰሰውም ታች እንደሚጠጣ አስረዱ። ሽንት ቤቱን ከሚያሠራው ኮሚቴ አንዱ “መሬት ውስጥ ገብተህ አይተሃል?” አላቸው። “አዎ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ” ብለው መለሱ።

የሰማቸው ስላልነበረ፣ ለመንደሩ አስቀድመው ተናግረው ለሽንት ቤቱ በተቆፈረው ጉድጓድ አንድ ኩንታል ጨው ከስልሳ ጀሪካን ውኃ ጋር ደፉ። ብዙ ሰው ሳቀባቸው። በዐሥራ አንደኛው ቀን ጎረቤታቸው ወ/ሮ አየለች ወጡ ጨው በዝቶበታል ብለው ልጃቸውን ሲቆጡ፣ ልጅቷ ጨው ገና አልጨመረችም ነበር።

አቶ ቢሆነኝ ውኃ በክለሃል ተብለው ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ታሰሩ። አጥፍቻለሁ ብለው እንዲፈርሙ ሲጠየቁ፣ “ዳገት የወረደው ውኃው ነው፤ እሱን አስፈርሙት” አሉ። ሳይፈርሙ ወጡ። ሽንት ቤቱ ከመንደሩ በታች ወዳለው ሜዳ ተዛወረ፤ ዳገቱ ላይ ያለውን ጉድጓድም ራሳቸው ደፈኑት።

ልጃቸው እስከዳር ዩኒቨርሲቲ ስትማር ይኸው ሙከራ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ እንዳለ ነገረቻቸው። “ስንት ኩንታል ይላል?” ብለው ብቻ ጠየቋት።

አቶ ቢሆነኝ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በፍኖተ ሰላም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 18 ቀን 2008 ዓ.ም. በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ወ/ሮ አቻምየለሽ፣ ልጆቻቸው ሰውነትና እስከዳር በሕይወት አሉ። ውኃ ፍለጋ የደከመች ነፍሳቸውን እግዚአብሔር በዕረፍት ውኃ ዘንድ ያኑርልን።

ከቀብር መልስ እጃችንን የምንታጠብበት ውኃ ዛሬ ጠዋት እሳቸው ከቆፈሩት ከዚያው የውኃ ጉድጓድ ተቀድቷል።