የድንጋይ ቤት የለኝም

ልጄ ሮዌና፣ እግዚአብሔር ባለሽበት ይጠብቅሽ። ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቶኛል፤ እንጨቴን ግን ዛሬም ራሴው እፈልጣለሁ።

ለአማቶችሽ፣ «አባቴ ኬንታኪ ውስጥ የድንጋይ ቤት አለው» ማለትሽን ጽፈሽልኛል። በተጎታች ቤት የሚኖረውን ሁሉ ሰካራም ባላገር ይሉታል አልሽ። ለጎረቤቴ ለቨርና ብነግራት፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ከአሬራ ሌላ መች ቀምሰህ ታውቃለህ!» ብላ ሳቀችብኝ።

ማለዳ የወንዙ ጉም የተጎታች ቤታችንን ጎማዎች ሲሸፍናቸው ቤቱ ይንሳፈፋል፤ ነፍሷን ይማርና እናትሽ መስኮቱ ጋ ቆማ የምትቀዝፈው ይመስለኛል። የሰው ስድብ አይከፋኝም፤ ያንቺ ማፈር ግን ከነከነኝ።

ትዳርሽን ይባርክልሽ። በጸደይ ሰዎቹን እዚሁ አምጫቸው፣ አደራ። ያለብኝን ዕዳ እኔው እከፍላለሁ፤ እዚህ የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስምና ቨርና ምግብ ያመጣችልኝበትን ሳህን የፖም ኬክ ጋግሬ አድርጌበት እመልስላታለሁ፤ ለአማቶችሽም እውነቱን ደጃፌ ላይ ቆሜ እነግራቸዋለሁ።