የጎደለችው ሠላሳኛ ካርድ

ለኩላሊት እጥበት ጥናት የውጤት መራጭ ኮሚቴ
ለክቡር ሰብሳቢው

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ኩላሊቶችዎስ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው? ለወጉ ብዬ አይደለም የምጠይቅዎ። ገና በአስራ ሰባት ዓመቴ ሰው ሰላም ስል መጀመሪያ ኩላሊቱን መጠየቅ የለመደብኝ፣ ከአስረኛ ክፍል አቋርጬ ሁለት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን እናቴን ወደ እጥበት ክፍል ሳመላልስ ስለኖርኩ ነው። ዘበኛው «ጠበቃዋ» ይለኝ ነበር፣ ከሰው ሳልጣላ የዋልኩበት ቀን ስለሌለ። ዛሬ ግን ላመሰግን ነው የጻፍኩት። ቁጥር እንደምትወዱ ስለማውቅም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሙዙ አመሰግናለሁ። ባለ መነጽሩ አጥኚያችሁ ክፍላችን መጥቶ፣ ከእንግዲህ በእጥበት ላይ የሚሠሩ ጥናቶች የትኛውን ውጤት መለካት እንዳለባቸው ታካሚዎቹ ራሳቸው ይመርጣሉ ብሎ ሲነግረን፣ እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎን ነበር። እስከዚያ ቀን የጠየቀን ሰው አልነበረማ። ከዚያ ለተሳትፏችን ማመስገኛ ብሎ ለእያንዳንዱ ታካሚ ሁለት ሁለት ሙዝና አንድ አንድ ሊትር ውሃ አደለ። ኩላሊቱ የማይሠራ ሰው ሙዝ ልቡን ሊያቆምበት እንደሚችል፣ ውሃም በልክ እንደሚጠጣ፣ እንኳን ኮሚቴው ዘበኛችንም ያውቃል። ሲስተር ከኋላ ከኋላው እየሄደች ስትሰበስብ፣ ከእናቴ ቀጥሎ ያለው ወንበር ላይ የሚታጠበው ጡረተኛ ሹፌር «ኧረ ሲስተር፣ ቢያንስ ላሽትተው» አላት።

ሁለተኛ፣ ስለ ካርዶቹ አመሰግናለሁ። ሠላሳ ነበሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ውጤት ተጽፏል፣ ታካሚው በጣም የሚያስጨንቀውን አንደኛ ብሎ ይጀምርና እስከ ሠላሳ ይደረድራል፣ ድርድሩም በወንበር ቁጥሩ ቅጽ ላይ ይሞላል። እናቴ ልብስ ሰፊ ቤት የሸሚዝ ቁልፍ ስትተክል የኖረች ሴት ናት፤ ማንበብ አትችልም። ግራ እጇ ማሽኑ ላይ ስለሆነ እኔ እያነበብኩ አንድ በአንድ ብርድ ልብሷ ላይ አስቀምጥላታለሁ፣ እሷ በቀኝ እጇ ትጠቁመኛለች። «የፎስፌት መጠን» ስላት «እሱ ደግሞ ማነው?» አለችኝ። ሹፌሩ ተቀብሎ «ማዳበሪያ ነው፣ ሊዘሩሽ ነው መሰለኝ» ሲላት ሳቀች፣ እጇን ስታነቃንቅ ማሽኑ ጮኸ፣ ሲስተር ሦስታችንንም ተቆጣችን።

«ከእጥበት በኋላ የሚቆይ ድካም» የሚለው ሲመጣ ግን አልሳቀችም።

«እሷን አንደኛ አድርጊልኝ» አለች። ለምን ስላት፣ «ልብስ ታጥቦ ሳይጨመቅ ገመድ ላይ ሲሰጣ አይተሻል እንዴት እንደሚከብድ? ከዚህ ስወጣ እንደዛ ነኝ። አንቺ ታወሪኛለሽ፣ እሰማሻለሁ፣ መልስ መስጠት ግን ያቅተኛል። ከጎኔ ተቀምጠሽ ትናፍቂኛለሽ» አለችኝ።

ሦስተኛውን ለጊዜው ልዝለለው። መቁጠር አቅቶኝ አይደለም፣ እመለስበታለሁ።

አራተኛ፣ መጠበቂያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ስለለጠፋችሁት የሚያምር ፖስተር አመሰግናለሁ። «ታካሚዎች ተናገሩ፣ እኛም ሰማን» ይላል፣ ከላይ፣ በሰማያዊ። ከሥሩ አስር ውጤቶች ተደርድረዋል። አንደኛ ሞት ነው። ድካም አስራ አንደኛ ወጥቶ ዝርዝሩ ግን አስር ላይ ያበቃል። ድካም ቢገባም ኖሮ ወጥ መለኪያ ስለሌለው ያስቸግር እንደነበር በትንንሽ ፊደል ገልጻችኋል። ስለ አሳቢነታችሁ ምን ልበል። ለካ ድካም እንደ እንግዳ ነው፣ የሚቀመጥበት ወንበር ከሌለ ከበር ይመለሳል።

አምስተኛ፣ መለኪያውን እኔ ላዋጣ። እናቴ ጤነኛ ሳለች የአንድ ሸሚዝ ሰባት ቁልፍ የምትተክለው ሻይዋ ሳይበርድ ነው። እጥበት በጀመረች በመጀመሪያው ዓመት፣ በእጥበት ማግስት አንድ ሸሚዝ ግማሽ ቀን ይፈጅባት ጀመር። መጨረሻ ላይ ወደ ትምህርት ቤት እንድመለስ ብላ የዩኒፎርም ሸሚዝ ያዘችልኝ። እምቢ፣ አልመለስም ብያታለሁ፤ «አንቺ ጨቅጭቂ፣ እኔ ልስፋ» አለችኝ። በአምስት ሳምንት አራት ቁልፍ ተከለች። አንዳንድ ቀን መርፌውን ይዛ ክሩን ሳታስገባ ትውላለች፣ ላስገባልሽ ስላት ታኮርፋለች። አምስተኛውን ቁልፍ በእጇ እንደያዘች፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱ አጠገብ አረፈች። የተኛች መስሎኝ በእግር ጣቴ እየሄድኩ ሬዲዮ ዘጋሁላት።

ሸሚዙን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ። የቀሩትን ሦስት ቁልፎች መትከል እችላለሁ፣ አስተምራኛለች። አልተከልኩም፣ መለኪያው እንዳይበላሽባችሁ።

አሁን ወደ ሦስተኛው።

ሠላሳኛዋ ካርድ ላይ የተጻፈው ሁለት ፊደል ብቻ ነበር። ሞት። አየኋትና ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኳት፣ «አለቀ እማ» አልኳት። ወደ ቤት ስንመለስ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ «ሰውየው ሠላሳ ናቸው አለ። ያነበብሽልኝ ሃያ ዘጠኝ ነው» አለችኝ። ተሳስተሻል አልኳት። «እኔ እኮ ቁልፍ ቆጥሬ ነው ያሳደግኩሽ» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ኪስሽ ያለችውን አውቃታለሁ። መልሰሽ መጨረሻ ላይ አድርጊያት። እሱ እንደሆነ ሳይጠሩትም ይመጣል፣ እኔ እስኪመጣ ድረስ ካንቺ ጋር መጫወት ነው የምፈልገው።»

እሺ አልኳት። ካርዷን ግን አልመለስኳትም። ካስረከብኳት ሞት የሚመጣ መሰለኝ። በዚህ መሳቅ ይችላሉ፣ ክቡር ሰብሳቢ፣ ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ ነኝ።

ከፖስተሩ በታች፣ ሰው ጎንበስ ካላለ በማያነበው ቦታ፣ «አርባ ታካሚዎች ተሳትፈዋል፤ አንድ ቅጽ ባለመሟላቱ ከስሌቱ ወጥቷል» ይላል። ጎንበስ አልኩ። አጥኚያችሁ ጋ ደወልኩ፣ አገላብጦ አየና የወንበር አስራ አንድ ቅጽ ነው አለኝ። የእናቴ ወንበር ነው። ያቺ ቅጽ ብትቆጠር ድካም አስረኛ ይገባ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ምናልባት» አለኝ። ለዚህች ቃል ልዩ ምስጋና አቀርባለሁ፣ በየማታው ከእንቅልፌ በፊት ትመጣብኛለች።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም። ግን ማንበብ የማትችለው እናቴ አንድ እጇ ማሽን ላይ ሆኖ የቆጠረችውን፣ አጥኚያችሁ ሁለት እጁን ይዞ አልቆጠረም። «አንድ ጎድሏል፣ የት ሄደ?» ቢለኝ እኮ አፍሬ እሰጠው ነበር።

ፖስተሩ የተለጠፈ ቀን እናቴ «የኔዋ ስንተኛ ወጣች?» ብላ ጠየቀችኝ። አንደኛ አልኳት። አላመነችኝም፣ ወደ ሹፌሩ ዞረች። ሹፌሩ ማንበብ ይችላል። ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ «አንደኛ ነው እንጂ፣ በትልቁ ጽፈውታል። ጉድ እኮ ነሽ፣ ሁላችንንም በለጥሽን» አላት። ያን ቀን ከእጥበት ስትወጣ ለዘበኛው፣ ለሲስተር፣ ለጽዳቷ ሴትዮ፣ ላገኘችው ሁሉ ነገረች። ድካም የሚባለው እሷ ላይ ያልታየበት አንድ ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ኖረች።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የወንበር አስራ አንድን ቅጽ ቁጠሩልኝ። አንደኛ አውጡት አላልኩም፣ እሱን ውሸት የዋሸሁት እኔ ነኝ። ዝርዝሩን በምታድሱበት ጊዜ የሷም ድምፅ መሀላችሁ ይግባ ነው የምለው።

ክቡር ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ለእርስዎም ለኮሚቴዎም ሙሉ ጤናና ከሥራ ሲመለሱ ከልጆችዎ ጋር የሚጫወቱበት አቅም እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
የወንበር አስራ አንድ ልጅ

የረሳሁት፦ ሠላሳኛዋን ካርድ ከሸሚዙ ኪስ ውስጥ ታገኟታላችሁ፤ ትንሽ ተጣጥፋለች። እንዳለችው መጨረሻ ላይ አድርጉልኝ፣ ቅጹ አሁን ተሟልቷል። ለማጣራት ወደ ታካሚዋ ለመደወል ካሰባችሁ ግን አትድከሙ፤ በእናንተ ዝርዝር አንደኛ የወጣው ቀድሟችኋል።