ለክቡር የአቀባበል ኮሚቴው ሰብሳቢ፤ እባክዎ በእግሬ ልግባ

ለክቡር አቶ አካለ ወልድ ፋንታ
የቢቸናና የሞጣ ጥምር የጀግኖች አቀባበልና ሽኝት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከክብር እንድታርፍ የምትለምን የአንዲት ቴኒስ ተጫዋች አቤቱታ

የተከበሩ አቶ አካለ ወልድ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እግዚአብሔር ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና እንዲሰጥልኝ፣ በተለይም ቁርጭምጭሚትዎን፣ የቀኝ ትከሻዎንና የእግርዎን አውራ ጣት እንዲጠብቅልኝ ከልብ እመኛለሁ። እነዚህን የአካል ክፍሎች ለይቼ መጥቀሴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ደህና ሲሆኑ ምን ያህል በረከት እንደሆኑ ዘንድሮ በኮሚቴዎ ብርቱ ጥረት በሚገባ ስለተማርኩ ነው።

ምናልባት ከዘነጉኝ፣ እኔ ስርጉት ይታያል ነኝ፤ በባነርዎ ላይ "የጠረጴዛ ቴኒስ ንግሥታችን" ተብዬ የተጻፍኩት። የምጫወተው ሰፊ ሜዳ ላይ ነው እንጂ በጠረጴዛ አይደለም። ሆኖም በመድረኩ ላይ የንግግር ወረቀትዎ የተቀመጠበት አንድ ጠረጴዛ ስለነበረ፣ ጽሑፉ ፈጽሞ ስሕተት ነበር ለማለት አልደፍርም።

ዘንድሮ ቴኒስ ሦስት ዋንጫ ሰጥቶኛል፦ በጥቅምት ኪጋሊ፣ በጥር ሎሜ፣ በሚያዝያ ቱኒስ። ጉዳትም አላጣሁም፦ ቢቸና፣ ሞጣ፣ እንደገና ቢቸና። ከኪጋሊ እስከ ቱኒስ ስጫወት ጥፍሬ እንኳን አልተሰበረም። አዲስ አበባ የሚያክሙኝ ዶክተር ሰብለ ወንጌል የጉዳቴን ታሪክ ካነበቡ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ይህ ቢቸና የሚባለው ውድድር በምን ዓይነት ሜዳ ላይ ቢካሄድ ነው ተጫዋች እንዲህ የሚፈጀው ብለው ጠየቁኝ። እኔም አገሬን ላለማሳማት ብዬ፣ ሜዳው ደህና እንደሆነና ተመልካቹ ብቻ ትንሽ ስሜታዊ እንደሆነ ነገርኳቸው።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። በሰኔ ናይሮቢ ላይ የዓመቱ መዝጊያ ውድድር አለ። እዚያ ካሸነፍኩ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በቴሌቪዥን ብቻ የማያቸው ታላላቅ ውድድሮች ማጣሪያ ውስጥ እገባለሁ። ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ነው፤ እንዲህ ያለ በር ሁለተኛ ጊዜ ይከፈትልኛል ብዬ አላስብም። ዶክተር ሰብለ ወንጌል ደግሞ ነገሩን አላድበሰበሱትም፤ ትከሻዬ እስከዚያ ድረስ ካረፈ እጫወታለሁ፤ አንድ ጊዜ ከተነካ ግን ናይሮቢ ቀረ፤ ምናልባትም ጨዋታ የሚከፈትበትን ሰርቭ መምታት እስከ መጨረሻው ቀረ። በዚህ መካከል ነው እናቴ ደውላ ኮሚቴዎ "ታላቅ የሽኝት ሥነ ሥርዓት" እያሰናዳልኝ እንደሆነ በደስታ ያበሰረችኝ። በእውነት ልንገርዎ፣ የቱኒሷን ተጋጣሚዬን ሳልፈራ ይህን ዜና ፈራሁ። እስካሁን የተጎዳሁት አሸንፌ ስመጣ ነበር፤ ገና ሳላሸንፍ ግን ምን በደልኩ? ስለዚህ ያለፉትን ውለታዎችዎን በትሕትና ላስታውስዎ።

፩ኛ፤ ስለ ቁርጭምጭሚቴ። ከኪጋሊ ተመልሼ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ፣ ቢቸና መግቢያ ላይ ስደርስ ያን ሁሉ ሕዝብ ወጥቶ ሳይ አለቀስኩ። ይህን ያለ አንዳች ምፀት ነው የምጽፈው። ከዚያ ኮሚቴዎ በትከሻ እንድገባ ወሰነ። እኔን የመሸከም ዕድል ለማን እንደሚገባ ረጅም ስብሰባ ተቀምጣችሁ፣ ተሸካሚዎቹን በቁመት ሳይሆን በማዕረግ እንደደለደላችሁ በኋላ ሰማሁ። ስለሆነም በቀኝ በኩል በጣም ረጃጅም ኃላፊዎች፣ በግራ በኩል ደግሞ በጣም አጫጭር ምክትሎቻቸው ተሸክመውኝ፣ ወደ አንድ ጎን እንዳጋደለ ጭነት ሆኜ ከተማዬን ገባሁ። ያም ሆኖ እስከ መናኸሪያው በሰላም ደርሰን ነበር። እዚያ ፎቶ አንሺው ታደለ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ "ጌቶቼ፣ እስኪ እጃችሁን ወደ ላይ አውለብልቡልኝ!" አለ። አራቱም ተሸካሚዎቼ ሰው አክባሪ ናቸውና አራቱም በሁለት እጃቸው አውለበለቡ። ፎቶው እጅግ ያምራል፤ አራት ፈገግ ያሉ ኃላፊዎችና በመካከላቸው ወደ ሰማይ ያቀኑ አንድ ጥንድ የስፖርት ጫማዎች ይታያሉ። ከዚያ በኋላ የገና በዓል እስኪያልፍ በምርኩዝ ሄድኩ።

፪ኛ፤ ስለ ትከሻዬ። እናቴ ወይዘሮ ታንጉት የመጀመሪያ ልጇን እንደ ወጉ በእናቷ ቤት ልትወልድ ሞጣ ሄዳ ነበርና የተወለድኩት ሞጣ ነው፤ ክርስትና እንደተነሣሁ ወደ ቢቸና ተመለስን። ሞጣ ግን ያችን አጭር ቆይታዬን አልረሳችም። የኪጋሊውን አቀባበል ቢቸና ብቻዋን ስላደረገችው ቅር ብሏት ነበርና፣ ከሎሜ ስመለስ ጥምር ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ እርስዎም ሁለቱን ከተሞች እንዲያስታርቁ ሰብሳቢነቱን ደርበው ሞጣ ላይ ጠበቁኝ። በሰው ትከሻ መግባት አደጋ እንዳለው ኮሚቴው ከልምድ ተምሮ ስለነበር በዚህ ጊዜ በፈረስ እንድገባ ተወሰነ። ስለዚህ አስተዋይነታችሁ አመሰግናለሁ።

ፈረሱ ዳማ ይባላል፤ ያማረ፣ በጥልፍ ልብስ ያጌጠ ፈረስ ነው። ከጥምቀት ጉግስ ከተመለሰ ጥቂት ቀን ብቻ እንደሆነው ግን የነገረኝ የለም። ሕዝቡ እልል ሲል፣ ጡሩንባውም ሲነፋ፣ ዳማ ጉግሱ ያላለቀ መሰለውና እኔን እንደያዘ የክብር እንግዶቹን፣ ማርሽ ባንዱንና ባነሩን አልፎ ነጎደ። እንዳልወድቅ ልጓሙን በቀኝ እጄ አጥብቄ በመያዜ ትከሻዬ ያን ቀን ተጎተተ። ዳማ የቆመው ከከተማው ወዲያ ማዶ ካለው የራሱ በረት ፊት ለፊት ነው። የባለ ፈረሱ ባለቤት ወይዘሮ አስናቀች ከጓሮ ብቅ ብለው፣ "ውይ ልጄን! አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?" አሉኝ፤ አወረዱኝ፣ ትከሻዬን በቅቤ አሹኝ፣ እርጎ አጠጡኝ። ማን እንደሆንኩ ሲያውቁም ከማለፊያ ሳቅ በስተቀር ንግግር አላደረጉም። በዓመቱ ከተደረጉልኝ አቀባበሎች ሁሉ በሚገባ የተደራጀው ይህኛው ነበር። በአደባባዩ በኩል ደግሞ ክቡርነትዎ "ጀግናችን ጥቂት ቀድማናለች" ብለው ንግግርዎን እስከ መጨረሻው ገጽ እንዳነበቡ ሰምቼ ተደንቄያለሁ።

፫ኛ፤ ስለዚያው ትከሻዬ፣ ስለ አውራ ጣቴም ጭምር። ከቱኒስ ስመለስ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ክንዴን በነጭ ማንጠልጠያ ከአንገቴ ጋር አስሬ፣ ሰው ሁሉ አይቶ እንዲጠነቀቅልኝ ብዬ ቢቸና ገባሁ። ጋሻና ካባ ሸለማችሁኝ። ጋሻው ጥሩ ብረት መሆኑን የእግሬ አውራ ጣት ይመሰክራል፤ በአንድ እጅ እንደማይያዝ ግን ጋሻው ከወደቀ በኋላ ነው የተረዳነው። ከዚያ የክብር እንግዶቹ ተሰልፈው እንኳን ደስ አለሽ ሊሉኝ መጡ። የእኛ አገር ሰላምታ በእጅ ብቻ እንደማይበቃው ያውቃሉ፤ ትከሻ ለትከሻ ካልተጋጩ ሰው ሰላም የተባለ አይመስለውም። ማንጠልጠያው ደግሞ የታመመው የትኛው እንደሆነ ለሁሉም አሳወቀልኝ። አንድ በአንድ እየቀረቡ፣ "ይኸ ነው የታመመው? አይ ልጄን፣ እግዜር ይማርሽ!" እያሉ በእውነተኛ ሐዘኔታ እዚያው ላይ ገጩኝ። የመጀመሪያው እርስዎ ነበሩ፤ እውነተኛ የአገር ልጅ ስለሆኑም ደገሙልኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እናቴ ከገመዱ ወዲያ ቆማ ነበር። ልትስመኝ ስትል ከአስተባባሪዎችዎ አንዱ፣ "እናትዬ፣ እንግዶች ይቅደሙ" አላት። ከሦስቱ አቀባበሎች በአንዱም ላይ እናቴ ቀድማ አልሳመችኝም፤ ሁልጊዜ የምታገኘኝ ሁላችሁም ከጨረሳችሁ በኋላ፣ በፋሻ ተጠቅልዬ ነው። እውነቱን እንነጋገር ካልን ከትከሻዬ ይበልጥ የሚያመኝ ይህ ነው። እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ላቆመው እወዳለሁ።

፬ኛ፤ ስለ ሜዳው። ራኬት መያዝ የተማርኩት ቢቸና ውስጥ ባለች አንዲት ሲሚንቶ ሜዳ ላይ፣ ከመምህር ጓዴ ነው። በመላው ከተማ እንደርሷ የተስተካከለ ቦታ ስላልተገኘ ለእኔ ክብር መድረኩ የተተከለው እርሷ ላይ ሆነ፤ ድንኳኑም እንዲጸና ሲሚንቶው በዶማ ተፈነቀለ። ድግሱ ካለፈ በኋላ መምህር ጓዴ የሚያሠለጥኗቸው ሴት ልጆች ከወንዝ አሸዋ በጆንያ እየተሸከሙ ጉድጓዶቹን ሞሉ። ልጆቹ በዚህ ምክንያት ትከሻቸው እጅግ ጠንክሯል፤ ሰርቫቸውም ተሻሽሏል። ስለዚህ ይህን እንደ ቅሬታ ሳይሆን እንደ ሥልጠና ድጋፍ ይቁጠሩልኝ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ሴት ልጅ እንጨት ይዛ ኳስ ታሳድዳለች ተብሎ አባቴ በሰንበቴ ላይ የሚተረብበት ዘመን ነበረ። ያኔ በየውድድሩ መጀመሪያ ዙር እየተሸነፍኩ ስመለስ መናኸሪያ የሚጠብቀኝ ማንም አልነበረም። ቦርሳዬን አንግቤ፣ ለቆሎ ሻጮቹ ሰላምታ እየሰጠሁ፣ በሁለት ጤነኛ እግሮቼ ቤቴ እገባ ነበር። እናቴም በር ላይ ትስመኝ ነበር። አሁን ዞር ብዬ ሳስበው መሸነፍ ለጤና እንዴት ተስማሚ ነበር! ናይሮቢ ላይ ለጤናዬ ስል ልሸነፍ ወይ ብዬ ያሰብኩበት ቀን አለ፤ ነገር ግን ማሸነፍ ለምጄ ተበላሽቻለሁ።

ፍቅራችሁን አልጠላሁትም። እንደ እናንተ የሚወድ ሕዝብ በሄድኩበት ሁሉ አላየሁም፤ ኪጋሊ ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ከጨዋታው በኋላ ወደየቤታቸው ሄዱ፤ እናንተ ግን አብራችሁኝ እስከ ሐኪም ቤት ድረስ መጣችሁ። ልመናዬ አጭር ነው፤ የሽኝቱ ሥነ ሥርዓት ይቅርልኝ። ቅዳሜ በተራ አውቶቡስ እመጣለሁ። ከመናኸሪያ እስከ ቤታችን በእግሬ ልሂድ። ሰላም ሊለኝ የሚወድ ሁሉ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ እጁን ያንሳልኝ፤ እኔም ግራ እጄን አነሣለሁ። በር ላይ እናቴ ቀድማ ትሳመኝ። ከዚያ ትከሻዬን ይዤ ናይሮቢ ልሂድ።

ለእስካሁኑ ክብር ሁሉ፣ ለቅባቱም፣ ለፋሻውም፣ ለማንጠልጠያውም ምክንያት ስለሆናችሁኝ ውለታችሁ በአካሌ ላይ ተጽፎ ይኖራል። ክቡርነትዎን ሁልጊዜ ከሩቅ፣ ቢቻል ከአንድ የቴኒስ ሜዳ ርዝመት ወዲያ ሆና የምታከብርዎ፣ በአንድ ትከሻዋ ታዛዥዎ፣

ስርጉት ይታያል
(በግራ እጅ የተፈረመ)

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ አስናቀች፣ ሞጣ፤ ለዳማም እንዲነግሩልኝ
ለእናቴ ለወይዘሮ ታንጉት፣ ከገመዱ ወዲያ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ልልክ ስል ጽሕፈት ቤትዎ ደወለልኝ። ቅሬታ እንዳለኝ ከእናቴ ስለሰማችሁ፣ ቅሬታዬን በክብር ለመቀበል ቅዳሜ መናኸሪያው ላይ ማርሽ ባንድ ያለበት የአቀባበል ሥነ ሥርዓት መዘጋጀቱን አበሠራችሁኝ። እጅ ሰጥቻለሁ፤ ይሁን። አንድ ማሻሻያ ብቻ ይፈቀድልኝ። ስንት ጀግና ያስከበሩ ሰው ራስዎ አንድ ቀን እንኳን አለመከበርዎ ስለሚያሳዝነኝ፣ በዚህ ጊዜ በትከሻ የሚገቡት እርስዎ ነዎት። መምህር ጓዴ አሸዋ ከተሸከሙት ልጆች መካከል አራቱን፣ በማዕረግ ሳይሆን በቁመት አስተካክለው፣ መርጠውልዎታል። ልጆቹ ጨዋዎችና የታዘዙትን ሁሉ ወዲያው የሚፈጽሙ ናቸው። እኔና እናቴ ማዶ ሆነን እናጨበጭባለን። ፎቶ አንሺው ታደለም እንደሚመጣ ቃል ገብቶልኛል።