እንቁላል ባይኖርም ቀስ ለሚሉት የካምቢዮ ኮምፒውተር

ለክቡር የካምቢዮ ኮምፒውተር
ከዳሽቦርዱ ሥር
ሲያንጋንጋ፣ ፊጂ

ክቡር ሆይ፣ ሽቦዎ አይበጠስ፣ ዘይትዎም አይቃጠል እያልኩ ጤንነትዎን በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ራጅዋንቲ ግን ሸንኮራው መቆረጥ ሲጀምር አርፋለች፤ የነገረዎት ሰው ላይኖር ስለሚችል በዚሁ አጋጣሚ አሳውቃለሁ።

አንደኛ፣ በአሮጌው የጭነት መኪናዬ ማርሽ የምቀይረው እኔ ነበርኩ። እርስዎ ከአሁኗ መኪናዬ ጋር ከመጡ ወዲህ ግን የጎማውን ፍጥነት፣ የእግሬን አረጋገጥና የዘይቱን ሙቀት ከሴንሰሮችዎ ይሰሙና እኔን ሳያማክሩ ይወስናሉ። ከዚያ ለትንንሾቹ የኤሌክትሪክ ቫልቮች ትእዛዝ ይልካሉ፤ እነሱ ለዘይቱ መንገድ ይከፍታሉ፤ ዘይቱም በግፊቱ ፍሪሲዮኖቹን ጨምቆ ማርሹን ይቀይራል። ይህን ሁሉ እርከን ያለው መሥሪያ ቤት ጉዳዬን ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ሲጨርስልኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነውና አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ አይጥ አንዱን የሴንሰር ሽቦ ስትበላው ወሬ ተቋረጠብዎና ራስዎን ለመጠበቅ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ዳገቱ ላይ ስንፏቀቅ የሸንኮራ መኪኖች ከኋላዬ ጥሩንባ እያስጮኹ ተሰለፉ። ስለ ጥንቃቄዎ እነሱም ምስጋናቸውን ልከዋል፤ ቃል በቃል ግን አልጽፈውም።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ራጅዋንቲ እንቁላል ጭና ላምባሳ ገበያ ስትሄድ ከሸንኮራ መኪኖቹ ኋላ እያዘገመች ፔዳሉን ነካ ብቻ ታደርገው ነበር። እኔ መሪውን ከያዝኩ፣ «ሰውዬ፣ የጫንነው እንቁላል ነው፤ ሸንኮራ መሰለህ?» ትለኛለች። እርስዎም የእግሯን ልክ አጥንተው ማርሹን ቶሎና በለስላሳው መቀየር ለመዱ። አሁን እንቁላሉ ይጫንበት የነበረው የኋላ ወንበር ባዶ ነው። እርስዎ ግን እንቁላል እንደያዘ ሰው ነው የሚሄዱት።

ሽቦውን የቀጠለው መካኒካችን ኢሊሶኒ፣ «አጎቴ፣ ባትሪውን ትንሽ ልፍታው? የድሮውን ይረሳና እርስዎን ይለምዳል» አለኝ።

«እኔን ለምዶ ምን ሊጠቀም?»

«ዳገት ላይ ይጎብዝልዎታላ።»

«ተወው፣ አትንካው» አልኩት። መፍቻውን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ስለ ዝናቡ አወራን።

ችግሩ፣ ኢሊሶኒ እንደሚለው ባትሪው ባይፈታም እርስዎ መማር አያቆሙም። ስለዚህ ባዶ መኪና ይዤ፣ ፔዳሉን እንደ እሷ ነካ እያደረግኩ፣ ከሸንኮራ መኪኖች ኋላ እጎተታለሁ። ጎረቤቶቼ ሲያልፉኝ፣ «ምነው፣ ወርደን እንግፋልህ?» ይላሉ። ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእኔ ምንም እንዳይማሩ።

ያለ ፈቃድዎ ወደ ኋላ እንኳ መሄድ የማይችለው፣ መሪ ጨብጦ ትእዛዝዎን የሚጠባበቀው ተሳፋሪዎ፣
ሺው ፕራሳድ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ድልድዩ ጋ ተቻኩዬ ስረግጥ፣ ሁለተኛ ማርሽን ልክ እኔ እንደምወደው ትንሽ አቆዩት። ያላወቅኩ እንዳይመስልዎ። እንቁላል ቢኖር ኖሮ ተሰብሮ ነበር።