በደካ ቻናል ላይ የገባው ጩኸት

ሐምሌ 4፣ ማክሰኞ። ጠዋት 3፡00
ዛሬም ጭቃ። ኮረብታው ላይ እስክወጣ ጫማዬን ሁለት ጊዜ ቀማኝ። ሥራዬን ታውቂያለሽ፣ ማስታወሻዬ፤ የዋጫ ጤና ጣቢያን ድምፅ ተቀብሎ ወደ ቦንጋ የሚያስተላልፈው፣ እዚህ ኮረብታ ላይ ያለው ሪፒተር በኔ እጅ ነው። የደካ ጤና ጣቢያ ግን ያለ ሪፒተር፣ በሌላ ቻናል በቀጥታ ነው ቦንጋን የሚጠራው።

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ደካ አምቡላንስ ጠራ። ምጥ የጠናባት ሴት ነበረች። ከቦንጋ መልስ የለም። በቃሬዛ ሲያመጧት መንገድ ላይ አረፈች። ነፍስ ይማር።

መ/ቤቱ የቦንጋዋ ሬዲዮ ኦፕሬተር ተኝታ ነው ብሏል። ኦፕሬተሯ እትዬ አስካለ ናቸው። ሰኞ ግምገማ አለባቸው። ሬዲዮውን ፈትሽ ተብያለሁ። ደህና ነው ካልኩ አለቀላቸው።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡00
እትዬ አስካለን አነጋገርኳቸው። አልተኛሁም፣ ሬዲዮው ሹሹሹ ይል ነበር፣ ሰው አይሰማም ነበር አሉ። ከወር በፊት ነግሬህ የለም ወይ አሉኝ። ነግረውኛል። ዝናብ ነው ብያቸው ሻይ ልጠጣ ሄድኩ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

ሐምሌ 5፣ ረቡዕ
የእጅ ሬዲዮ በደካ ቻናል ከፍቼ ሪፒተሩ አጠገብ ቆምኩ። ዋጫ ዝም ሲል ንጹሕ። ዋጫ የክትባት ሪፖርቱን ሲጀምር ሹሹሹ። ሲጨርስ ጸጥ። መዝገብ አየሁ፤ ያን ሐሙስ ረፋድም ዋጫ ሪፖርት እያነበበ ነበር። ስለዚህ የኛው ሪፒተር ነው ደካን የሚያፍነው።

አንቴናው ይሁን ብዬ ተሳልኩ። ምሰሶው ይዛግ፣ ንብ ይስፈርበት፣ ብቻ ሌላ ነገር ይሁን። አንቴናውን ነቅዬ በቦታው ያለ አንቴና የሚያስፈትሸውን መሞከሪያ ሰካሁበት። ጩኸቱ እዚያው። ከማሠራጫው ከራሱ ነው።

ሐምሌ 7፣ አርብ
የማሠራጫውን ጉልበት ዝቅ አደረግሁ። ቀነሰ። ማጣሪያዋን ከቁም ሳጥን አውጥቼ መልሼ ገጠምኩ። ከራሱ ቻናል ውጪ የሚያመልጠውን የምታስቀር ቆርቆሮ ናት። ጩኸቱ እልም አለ።

ማን ፈታት? እኔ። ባለፈው ግንቦት የመ/ቤታችን ኃላፊ የዋጫ ድምፅ ቀጠነ ብለው በስብሰባ መካከል አሸማቀቁኝ። ማጣሪያዋ ጉልበት ትበላለችና ፈታኋት፤ ጉልበቱንም ከቀይ ምልክቱ አሳልፌ አዞርኩት። ድምፁ ወፈረ። ተጨበጨበልኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ፣ ጅል!



ሐምሌ 9፣ እሑድ
ከቅዳሴ ስወጣ ኃላፊው ያዙኝ። ሬዲዮው አሁን ደህና ነው አይደል አሉ። ነው አልኩ። እንግዲያው እሱኑ ጻፍ፣ ሌላ አትቆፍር አሉና ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ሄዱ።

ውሸት እኮ አይደለም። አሁን ደህና ነው። እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ብናገር ከሥራ እባረራለሁ፣ ምናልባትም እከሰሳለሁ። ባለቤቴ ነገሩን ሰማችኝ። ሦስቱን ልጆች ብቻ አየቻቸው። ፈራሁ፣ አልዋሽሽም።

ሐምሌ 10፣ ሰኞ። ጠዋት 2፡30
አዳራሹ በር ላይ ነኝ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አደግድገው ጥግ ተቀምጠዋል። ፍርድ ቤት የቀረቡ ነው የሚመስሉት። ሰላም ስላቸው እግዜር ያውቃል ብቻ አሉኝ።

የግምገማን ወግ ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ ሁሉም በየተራ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ ማንንም የማትጎዳ ትንሽ ጥፋት ተመርጣ ትቀርባለች። የኔዋ ሁሌ አንድ ናት፦ ሰዓት አላከብርም። ይስቃሉ፣ ያልፋሉ። ከዚያ በደካማው ላይ ይዘመትበታል።

ዛሬ ተራዬ ከእሳቸው ይቀድማል። ስለ ሰዓት አላወራም። ማጣሪያዋን የፈታሁት እኔ ነኝ፣ ዝናብ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ እላለሁ። ደካ ደውዬ የሟቿን ስም ጠይቄ ወረቀት ላይ ይዣለሁ። በዚህ ሁሉ ቀን አንድም ሰው በስሟ አልጠራትም። ስሟን ሳልጠራ አልቀመጥም።

ግቡ እያሉን ነው